ኩቤክ የዘራችውን ዴንቨር ስታጭድ፦ የኮሎራዶ አቫላንች የመጀመሪያ ዓመት

ለደጋፊ ከሽንፈት የሚከፋ ነገር አለ። ቡድኑ ተሽጦ ሲሄድ ማየት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአንድ ክረምት ተሸጠ እንበል። ስሙም ማሊያውም ተቀየረ። በዓመቱ የሌላ አገር ከተማ ቡድን ሆኖ ትልቁን ዋንጫ አነሳ። ለእኛ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን በውል የሚያልቅ ንግድ ነው። ቡድኑ የባለቤቱ ንብረት ነው። ባለቤቱ ከሸጠ፣ ሊጉም ከፈቀደ፣ ቡድኑ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል።

በፈረንጆች 1995 በካናዳዋ ኩቤክ ከተማ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። የአይስ ሆኪ ቡድኗ ወደ አሜሪካ ተሸጠና ዴንቨር ገባ። ኮሎራዶ አቫላንች ተባለ። ገና በመጀመሪያው ዓመቱ የሊጉን ትልቁን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። በኤንኤችኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ታሪክ፣ ከተማ በቀየረበት ዓመት ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ቡድን ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን የዴንቨር ተአምር አድርጎ ያወራዋል። እኔ ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው። ያ ዋንጫ ኩቤክ ውስጥ፣ በክፉ ዓመታት፣ በሽንፈት ተከፍሎበታል። ዴንቨር የጨመረችበት ነገር አለ፤ እሱም ቀላል አልነበረም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ደስ ይለኛል።

ሆኪ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። በበረዶ ላይ በአንድ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይጫወታል። ኳስ የለም፤ ፓክ የምትባል ጠንካራ የጎማ ክብ ናት። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። የዋንጫ ዙር ሲደርስ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ አራት ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። በዚህ ዙር እኩል ከወጡ ግብ እስኪገባ ድረስ ጭማሪ ሰዓት ይቀጥላል። ፍጹም ቅጣት ምት የሚባል መገላገያ የለም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ኩቤክ

ቡድኑ ኖርዲክ ይባል ነበር፤ የሰሜን ሰዎች እንደማለት ነው። በ1972 ተመሠረተ። በ1979 ከኤድመንተን፣ ከዊኒፔግና ከሃርትፎርድ ጋር ወደ ኤንኤችኤል ገባ። ማሊያው ላይ የኩቤክ ባንዲራ አበባ ነበረበት። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ከተማ ቡድኑን ከራሷ ለይታ አታየውም ነበር። ከሞንትሪያል ካናዲየንስ ጋር የነበረው ፉክክር ደግሞ የወንድማማች ጠብ ነው፤ የሚያመውም ለዚያ ነው። በ1984 በስቅለት ዕለት ሲጫወቱ በረዶው ላይ የተነሳው የጅምላ ቡጢ እስከዛሬ ይወራል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ቡድኑ ወደቀ። እንደ ነገሩ አይደለም፣ እስከ ታች ነው የወደቀው። በዚያን ጊዜ ደግሞ በኤንኤችኤል መጨረሻ የወጣ ቡድን ከአዳዲስ ወጣቶች አንደኛውን ቀድሞ ይመርጥ ነበር። ድራፍት ይሉታል። ኩቤክ ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ መረጠች። በ1989 ስዊድናዊውን ማትስ ሱንዲንን፣ በ1990 ኦውን ኖላንን፣ በ1991 ኤሪክ ሊንድሮስን። ሦስተኛው እንቢ አለ። ሊንድሮስ ለኩቤክ አልጫወትም ብሎ ዓመት ሙሉ ተቀመጠ። ለከተማዋ ትልቅ ስድብ ነበር። በ1992 ለፊላደልፊያ ሰጡት። በምላሹ ፒተር ፎርስበርግ የሚባል ወጣት፣ ሌሎች በርከት ያሉ ተጫዋቾች፣ ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫዎችና 15 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። እነዚህን ስሞች አትርሷቸው፤ የዋንጫው ግማሽ እዚህ ውስጥ ነው።

በ1994–95 ፍሬው መታየት ጀመረ። ባለቤቶችና ተጫዋቾች ስላልተስማሙ ውድድሩ ዘግይቶ ወደ 48 ጨዋታ አጥሮ ነበር። ኩቤክ 30ውን አሸንፋ በ65 ነጥብ የሊጉን የምሥራቅ ክፍል መራች። ማርክ ክሮፎርድ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ፎርስበርግ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። ግን በዋንጫው ዙር ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የኒውዮርክ ሬንጀርስ ጣሏቸው። ሬንጀርስ የቀደመው ዓመት ሻምፒዮን ነበሩ። ልጆቹ ገና ናቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት እናያለን ብሎ ያሰበ ደጋፊ አልተሳሳተም። የሚያየው ግን በቴሌቪዥን ሆነ።

ለምን ተሸጠ? ገንዘብ ነው። ገቢው በካናዳ ዶላር ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር። በዚያ ወቅት አንዱ የካናዳ ዶላር የሚመነዘረው በ73 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ብር ወደ ዶላር እየቀየረ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ሕመም ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። ኮሊዜ የሚባለው አዳራሽ የተሠራው በ1949 ነው። ውድ ክፍያ የሚያመጡ የሀብታም ሎጆች በበቂ አልነበሩትም። ከተማዋም በሊጉ ካሉት ትናንሾቹ አንዷ ነበረች። ባለቤቱ ማርሴል ኦቡ አዲስ አዳራሽና የመንግሥት ድጋፍ ጠየቀ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በዚያ ዓመት ከካናዳ ለመገንጠል ሕዝበ ውሳኔ እያዘጋጀ ነበር። ከኦቡ ጋር አልተስማሙም። ሜይ 25 ቀን 1995 ሽያጩ ይፋ ሆነ። ገዢው ኮምሳት የሚባል የሳተላይት ኩባንያ የመዝናኛ ክንፍ ነው። ዋጋው 75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር።

አንዳንድ ሰው ሕዝቡ ቢወደው ኖሮ አይሄድም ነበር ይላል። ይሄ አባባል ያናድደኛል። ሕዝቡ ወዶታል። ፍቅር የምንዛሪ ልዩነትን አይሞላም።

ዴንቨር

ዴንቨር ለአበሻ አንባቢ ሩቅ አይደለችም። እሷና አጎራባቿ አውሮራ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ናቸው። አክሱም ራሷ ከ1995 ጀምሮ የዴንቨር እህት ከተማ ናት፤ ቡድኑ በገባበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው።

ከተማዋ ሆኪን አንድ ጊዜ ሞክራ አልሆነላትም። በ1976 ከካንሳስ ሲቲ የመጣ ሮኪስ የሚባል ቡድን ነበራት። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1982 ወደ ኒው ጀርሲ ሄደ። ስለዚህ ዴንቨር ራሷ ቡድን ሲሄድባት ምን እንደሚሰማ ታውቃለች። 13 ዓመት ባዶ ቆየች። በሌላውም ስፖርት ቢሆን ቁጭት ነበር። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኗ ብሮንኮስ አራት ጊዜ ለፍጻሜው፣ ለሱፐር ቦውል ደርሶ አራቱንም ተሸንፎ ነበር። እስከዚያ ዓመት ከትልልቆቹ ሊጎች አንድም ዋንጫ ወደ ከተማዋ አልገባም።

ግን ባዶ እጇን አልጠበቀችም። ኮምሳት ቀድሞውኑ የቅርጫት ኳሱን ኑጌትስ ይዞ ነበር። አዳራሹ አለ፣ ትኬት የሚሸጥ ሠራተኛ አለ፣ ማስታወቂያ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ በአነስተኛ ሊግ የሚጫወት ግሪዝሊስ የሚባል የሆኪ ቡድን ዴንቨር ውስጥ ተጫውቶ የሊጉን ዋንጫ አንስቷል። ትልቁ ሲመጣ ትንሹ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሄደ። ያ አንድ ዓመት ብዙ ሰው የማይቆጥረው ነገር ነው። እኔ እቆጥረዋለሁ። ከተማው ሆኪ ለማየት ወጥቶ የመግባት ልማድ ያዘ።

ስም ማውጣቱ ላይ ግን ተሳስተው ነበር። ባለቤቶቹ ሊሰጡት ያሰቡት ስም ሮኪ ማውንቴን ኤክስትሪም ነበር። ጋዜጣ ላይ አፈትልኮ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። የድሮውን ሮኪስ መመለስ አይቻልም፤ የቤዝቦሉ ቡድን ወስዶታል። ኦገስት ላይ አቫላንች ተባለ፤ የበረዶ ናዳ ማለት ነው። ለተራራ ከተማ የሚስማማ ስም ነው። እኔን የሚገርመኝ የሰሙ መሆናቸው ነው። ገና አንድ ትኬት ሳይቆረጥ ከደጋፊ ጋር መጣላት ቀላል ነበር።

ኦክቶበር 6 ቀን 1995 የመጀመሪያው ጨዋታ ተደረገ፤ ማክኒኮልስ አዳራሽ፣ ከዲትሮይት ጋር። ሩሲያዊው ቫሌሪ ካሜንስኪ የአቫላንችን የመጀመሪያ ግብ አገባ። 3 ለ 2 አሸነፉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንበሩ ሁሉ አልሞላም። ከኖቬምበር 9 ጀምሮ ግን ትኬት ያልቅ ጀመር። ይህም 487 ጨዋታ ሳይቋረጥ እስከ ኦክቶበር 2006 ዘለቀ። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ልውውጦቹ

ቡድኑ ሲመጣ እንዳለ ነው የመጣው። አሰልጣኙ ክሮፎርድ፣ ሥራ አስኪያጁ ፒዬር ላክሯ፣ አምበሉ ጆ ሳኪክ፣ ሁሉም አብረው መጡ። ከተማ የቀየሩ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ከመሄዳቸው በፊት ይፈርሳሉ፤ ገንዘብ ሲያጥር ጥሩ ጥሩው ይሸጣል። ኩቤክ ግን ልጆቿን እስከ መጨረሻው ቀን አልበተነችም። ለዴንቨር ትልቁ ስጦታ ይሄ ነው እላለሁ።

ላክሯ ደግሞ ቁጭ አላለም። ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ክሎድ ሌሚዩን አመጣ። ሌሚዩ በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ዋንጫ ስትወስድ የዋንጫው ዙር ኮከብ የነበረ ነው። ኦክቶበር 26 ላይ ከሳን ሆዜ ላትቪያዊውን ተከላካይ ሳንዲስ ኦዞሊንሽን አመጣ። ለእሱ ኦውን ኖላንን ሰጠ።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች።

ዲሴምበር 2 ቀን 1995፣ ሞንትሪያል። ካናዲየንስ በሜዳቸው ዲትሮይትን ገጠሙ። በረኛው ፓትሪክ ሯ ነው። በ1986ና በ1993 ለሞንትሪያል ዋንጫ ያመጣ፣ ሁለቴም የዋንጫው ዙር ኮከብ የተባለ፣ የከተማዋ ንጉሥ። ያን ማታ ግን ግቡ እንደ ወንፊት ሆነ። አሰልጣኙ ማሪዮ ትራምብሌ አላስወጣውም። አንዲት ቀላል ፓክ ሲይዝ ደጋፊው በፌዝ አጨበጨበ። ሯ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ መለሰላቸው። ዘጠነኛው ከገባ በኋላ ነው የተቀየረው። በአሰልጣኙ ፊት አልፎ ከተጠባባቂዎች ጀርባ ወደተቀመጡት የክለቡ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ኮሪ ጠጋ አለ። በሞንትሪያል የመጨረሻ ጨዋታው መሆኑን ነገራቸው። ጨዋታው 11 ለ 1 አለቀ።

አራት ቀን አልሞላም። ዲሴምበር 6 ላይ ሯ ከአምበሉ ማይክ ኪን ጋር የአቫላንች ተጫዋች ሆነ። ሞንትሪያል በምትኩ ወጣቱን በረኛ ዦስላን ቲቦን፣ አንድሬ ኮቫሌንኮንና ማርቲን ሩቺንስኪን ወሰደች። ላክሯ ሥራ አስኪያጅ ከመሆኑ በፊት የተጫዋቾች ወኪል ነበር፤ ከደንበኞቹም አንዱ ራሱ ሯ ነበር። ሰውየውን ያውቀዋል።

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ቡድኑ ኩቤክ ቢቀር ኖሮ ሞንትሪያል ሯን ትሰጠው ነበር? በፍጹም። የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ላለ ባላንጣ፣ በስቅለት ዕለት ለተቧቀሰ ጠላት፣ የዓለምን ምርጥ በረኛ ማን ይሰጣል? ብዙ የሆኪ ሰዎች ይህን ይላሉ፤ እኔም ከልቤ አምናለሁ። ዴንቨር የጨመረችው ትልቁ ነገር ርቀት ነው። ለኩቤክ ሰው ይሄ ሁለተኛ ቁስል ነው። ቡድኑ ሄደ፤ መሄዱ ራሱ ደግሞ የጎደለውን ሰው አመጣለት።

አሁን እነዚያን ሦስት አንደኛ ምርጫዎች እንመልሳቸው። ሱንዲን በ1994 ለቶሮንቶ ተሰጥቶ ዌንደል ክላርክን አመጣ። ክላርክ ደግሞ ወጥቶ ሌሚዩ መጣ። ኖላን ኦዞሊንሽን አመጣ። ሊንድሮስ ፎርስበርግን አመጣ። ከሊንድሮስ ከተገኙት ምርጫዎች በአንዱ ደግሞ በ1993 ቲቦ ተመረጠ፤ ቲቦ ሄዶ ሯ መጣ። ሰንሰለቱን ተከተሉት። ኩቤክ መጨረሻ የወጣችባቸው ዓመታት፣ አንገት ያስደፉ ዓመታት፣ አንድም ሳይቀሩ ዴንቨር ላይ ወደ ተጫዋችነት ተቀየሩ። ይህን ዝርዝር በወረቀት ላይ የጻፍኩ ዕለት ለኩቤክ ደጋፊዎች በጣም አዘንኩ።

ዋንጫው

መደበኛው ውድድር በ47 ድል፣ በ25 ሽንፈትና በ10 አቻ አለቀ። 104 ነጥብ ይዘው ምድባቸውን መሩ። ሳኪክ 51 ግብ አግብቶ 69 አመቻቸ። ፎርስበርግ ገና በሁለተኛ ዓመቱ 116 ነጥብ ሰበሰበ፤ የተጫዋች ነጥብ ያገባውና ያመቻቸው ግብ ድምር ነው።

ቫንኩቨርን በስድስት ጨዋታ ጣሉ። ቺካጎንም በስድስት። አራተኛው ጨዋታ እስከ ሦስተኛው ጭማሪ ድረስ ሄዶ ሳኪክ ገላገላቸው። የቺካጎው ጄረሚ ሮኒክ ሯን በጋዜጠኞች ፊት ሲነካካው፣ ሯ ሁለቱ የዋንጫ ቀለበቶቼ (ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ቀለበት ይሰጠዋል) ጆሮዬን ስለደፈኑት አልሰማውም ብሎ መለሰለት። ሞንትሪያል ያጣችውና ዴንቨር ያገኘችው ይሄን ልብ ነው።

ቀጥሎ ዲትሮይት ነበረች። በዚያ ዓመት 62 ጨዋታ አሸንፋ ክብረ ወሰን የሰበረች፣ ሯንም በዘጠኝ ግብ ያዋረደች ቡድን። የመጀመሪያው ጨዋታ በዲትሮይት ሜዳ ወደ ጭማሪ ሄደ። ግቡን ያገባው ከሯ ጋር አብሮ የመጣው ማይክ ኪን ነው። ሁለተኛውን ሯ ምንም ሳይገባበት 3 ለ 0 አሸነፉ። በስድስተኛው ጨዋታ አለፉ። በዚያ ጨዋታ ሌሚዩ የዲትሮይቱን ክሪስ ድሬፐርን ከኋላ ገጭቶ ፊቱን ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ መንጋጋው ተሰበረ። ሌሚዩ ሁለት ጨዋታ ታገደ። ለእኔ የዓመቱ ጥቁር ነጥብ ይሄ ነው፤ ድሉን ወድጄ ይህን ማለፍ አልችልም።

ለፍጻሜው የደረሰችው ፍሎሪዳ ፓንተርስ ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ደጋፊዎቿ ግብ ሲገባ የፕላስቲክ አይጥ ወደ በረዶው ይወረውሩ ነበር፤ ከተጫዋቾቿ አንዱ በዓመቱ መጀመሪያ መልበሻ ክፍል ውስጥ አይጥ ገድሎ በዚያው ማታ ሁለት ግብ አግብቷል። ዴንቨር ላይ አቫላንች ሁለቱንም ጨዋታ ወሰደ። ሁለተኛው 8 ለ 1 ነበር፤ ፎርስበርግ በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ብቻ ሦስት አገባ። ማያሚ ላይ በሦስተኛው ጨዋታ መጀመሪያ ሁለት ግብ ሲገባበት ሯ ላይ አይጥ ዘነበበት። በእረፍት ሰዓት ለጓደኞቹ ከእንግዲህ አይጥ አይኖርም አላቸው። ፍሎሪዳ ከዚያ በኋላ አንድም ግብ አላገባችም። 3 ለ 2 አሸነፉ።

ጁን 10 ቀን 1996፣ አራተኛው ጨዋታ። ስልሳ ደቂቃ አለቀ፤ 0 ለ 0። አንድ ጭማሪ፣ 0 ለ 0። ሁለተኛ ጭማሪ፣ 0 ለ 0። በአንዱ ጫፍ ሯ፣ በሌላው ጆን ቫንቢስብሩክ፤ ሁለቱም እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ማያሚ ላይ ከሌሊቱ ሰባት አለፈ፤ ዴንቨር ላይ ከምሽቱ አምስት። ሦስተኛው ጭማሪ ውስጥ አራት ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ሲሆን ጀርመናዊው ተከላካይ ኡወ ክሩፕ ከሩቅ መታ። ገባች። በጉልበት ጉዳት ምክንያት ዓመቱን ሙሉ በመደበኛው ውድድር ስድስት ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ሰው ነው። ሯ ያን ሌሊት 63 ምት አዳነ።

ዋንጫውን መጀመሪያ ያነሳው አምበሉ ሳኪክ ነው። 18 ግብና 34 ነጥብ ይዞ የዋንጫው ዙር ኮከብ ተባለ። ሳኪክን ኩቤክ በ1987 በ15ኛ ምርጫ ወስዳ፣ በዚያ ሁሉ የሽንፈት ዘመን አሳድጋ፣ አምበል ያደረገችው ልጅ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ዴንቨር መንገድ ላይ ወጣች፤ የሰልፉ ሰው 450 ሺህ ገደማ እንደነበር ተገምቷል። ከዓመት በፊት ቡድን ያልነበራት ከተማ ናት።

ኩቤክ ኋላ አዳራሹን ሠራች። ኦቡ ሲጠይቀው የነበረውን ዓይነት፣ ከ18 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ። በሴፕቴምበር 2015፣ ቡድኑ በሄደ በሃያ ዓመቱ፣ ተከፈተ። የኤንኤችኤል ቡድን ግን እስካሁን አልመጣለትም።